የሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሕይወትና ለትውልድ የተዉት ትምህርት

ሰው አገሩን የሚያገለግልበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በእርሻው፥ አንዱ በንግዱ፥ አንዱ በጦር ሜዳ፥ አንዱም በብዕሩና በትምህርቱ ያገለግላል። ነገር ግን ጊዜ ሲከፋና የአገር ነጻነት ሲናወጥ፥ ለገበሬውም ለነጋዴውም፥ ለወታደሩም ለካህኑም አንድ ጥያቄ ይመጣባቸዋል፤ ይኸውም፥ ኃይለኛው የሚያዘውን ቃል ተናግሮ መዳን ይሻላል ወይስ እውነቱን ይዞ መሞት? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በ1928 ዓ.ም. በክረምት በአዲስ አበባ ከተማ ለአንድ መነኩሴ ቀረበላቸው። እኒያም መነኩሴ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። መምህራንና ሽማግሌዎች መልሳቸውን ለልጆች በትክክል ያስረዱ ዘንድ ታሪካቸው ከዚህ በታች ይገለጻል።

ከሰላሌ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ የሱሉልታን ሜዳ አልፎ፥ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ፥ በጉለሌ በኩል ወደ ከተማው ይወርዳል። ከጉለሌም ቁልቁል ወደ ከተማው መሐል ሲሄድ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ያገኛል። በዚያ አደባባይ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሰው ያልፋል። ነገር ግን ከልጆች ብዙዎቹ «አቡነ ጴጥሮስ» ሲባሉ ቶሎ የሚያስቡት የአደባባዩን ስም ነው እንጂ የሰውየውን ሥራ አይደለም። ስም ያለ ታሪክ ሲቀር እንደ ባዶ ጎተራ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የሞላ ይመስላል፥ የራበው ሰው ግን ከውስጡ የሚያወጣው እህል አያገኝም። ስለዚህ ስሙን ከታሪኩ ጋር ማስተማር የመምህር ሥራ ነው።

ትውልዳቸውና ትምህርታቸው

አቡነ ጴጥሮስ የተወለዱት በሰላሌ በፍቼ ነው። ጵጵስና ሳይሾሙ የነበረው ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። ትውልዳቸው ለደብረ ሊባኖስ ገዳም ቅርብ ስለ ሆነ በዚያ ተምረዋል፤ በገዳሙም ሥርዓት መንኩሰዋል። ደብረ ሊባኖስ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ፥ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የሚገኝ ታላቅ ገዳም ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ተማሪ ሊቅ እስኪባል ድረስ የሚያልፍበት መንገድ እጅግ ረጅም ነበር። ፊደል ቆጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ዜማ ቀጽሎ፥ ቅኔ ተቀኝቶ፥ ከዚያም መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው ይማራል። እየዞረ በአኩፋዳው ቁራሽ እንጀራ እየለመነ፥ በጎጆ እያደረ፥ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዛል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቃልን ብቻ አያስተምርም፤ ረኀብንና ብርድን መታገሥን፥ ከምቾት ይልቅ ዕውቀትን መምረጥን ጭምር ያስተምራል። ኃይለ ማርያምም በዚህ መንገድ አልፈው መምህር ተብለው ተጠሩ፤ ወንበርም ዘርግተው አስተማሩ። እንግዲህ ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት መምህር እንደ ነበሩ ልብ ማለት ይገባል።

ጵጵስና ለኢትዮጵያውያን ስለ መሰጠቱ

የጵጵስናቸውን ክብደት ለማወቅ የቀደመውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ፥ ማለት አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ሆነው ከተላኩ ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል ለኢትዮጵያ የሚሾመው ጳጳስ ከግብጽ ይመጣ ነበር። አገሩ ሰፊ፥ ምእመኑ ብዙ፥ ጳጳሱ ግን ባብዛኛው ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቋንቋውንም የማያውቅ ስለ ሆነ በአስተርጓሚ ይነጋገር ነበር። አንዱ ጳጳስ ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ቄስና ዲያቆን የሚሾም ጠፍቶ አገሩ ለብዙ ጊዜ ይቸገር ነበር።

ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ከተከራከሩበት በኋላ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በግብጽ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ጵጵስና ተቀቡ። እነርሱም አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤል፥ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። በሚከተለውም ዓመት ፓትርያርኩ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ አምስተኛው አቡነ ሳዊሮስ ተሾሙ። እነዚህ አባቶች ግን ጳጳስ ይሁኑ እንጂ ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም ነበር፤ በላያቸውም ሊቀ ጳጳሳት ሆነው የተቀመጡት ግብጻዊው አቡነ ቄርሎስ ነበሩ። ቢሆንም ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚናገረውን፥ ከገዛ አገሩ የወጣውን ጳጳስ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አቡነ ጴጥሮስም የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ ተብለው ተመደቡ፤ ወሎም በሀገረ ስብከታቸው ውስጥ ነበረ።

የጠላት መምጣት

ጵጵስና በተሾሙ በሰባተኛው ዓመት፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ኢጣልያ በዓድዋ፥ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የደረሰባትን ሽንፈት ለመበቀል 40 ዓመት ያህል ስትመኝ ኖራ ነበር። አሁን ግን የመጣችው በአውሮፕላን፥ በታንክና ዓለም በስምምነት የከለከለውን የመርዝ ጋዝ ይዛ ነው። በኅዳር ወር ደሴ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ ጊዜውም ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸውን ለመምራት በዚያ የሰፈሩበት ነበር። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ታላቅ ጦርነት ተደርጎ የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ለማለት ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ከተማዪቱን ያዘ።

ነገር ግን ዋና ከተማን መያዝና አገርን መግዛት አንድ አይደለም። በሸዋ ገጠር የራስ ካሣ ኃይሉ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ በሰላሌ ነበሩ፤ አበበ አረጋይ፥ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም፥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በየአቅጣጫው ጦር ይዘው ነበር። አቡነ ጴጥሮስም ወደ ትውልድ አገራቸውና ወደ ገዳማቸው ተመልሰው ከእነዚህ አርበኞች ጋር ሆኑ። ጳጳስ ናቸውና ጠመንጃ አልተኮሱም፤ ሥራቸው መምከር፥ ማጽናናትና የተበታተነውን ልብ አንድ ማድረግ ነበር።

የሐምሌ ወር ዘመቻ

አርበኞቹ የመከሩት ምክር አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ለመግጠም ነው። ጊዜውም በማስተዋል የተመረጠ ነበር፤ ክረምት ስለ ነበረ መንገዱ ጭቃ ሆኖ የጠላት መኪና አይንቀሳቀስም፥ በደመናውም ምክንያት አውሮፕላን እንደ ልቡ አይበርም። ግራትስያኒም በከተማው ያለው ጦር ገና የተደላደለ አልነበረም።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች ወደ ከተማው ገቡ፤ ከሰሜን የመጡት ተዋግተው እስከ ከተማው መሐል ድረስ ዘለቁ። ነገር ግን ክረምቱ ጠላትን እንዳሰናከለ ሁሉ አርበኞቹንም አሰናከላቸው። ወንዞች ሞልተው አንዱ ጦር ለሌላው መልእክተኛ መላክ አልቻለም፤ የሬዲዮና የስልክ መገናኛም አልነበራቸውም። ስለዚህ በአንድ ቀን ሊገጥሙ የታሰቡት ጦሮች በየተራ ደረሱ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ተመልሷል። ጠላትም አንድ በአንድ መከላከል ሆነለት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጀግንነት ብቻውን አይበቃም፥ መተባበርና መገናኛ ያስፈልገዋል።

አቡነ ጴጥሮስም በዚህ ጊዜ በጠላት እጅ ወደቁ።

ፍርዱና ሞቱ

ጠላት አቡነ ጴጥሮስን በያዘ ጊዜ በቶሎ ሊገድላቸው ይችል ነበር፤ ይልቁንም ከሞታቸው የሚበልጥ ነገር ከእርሳቸው ፈለገ። የፈለገውም ቃላቸውን ነው። ለኢጣልያ መንግሥት እንዲገዙ፥ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲሰብኩ፥ አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ተጠየቁ። ይህን ቢያደርጉ ሕይወታቸው ይተርፍ፥ ሹመታቸውም ይጸና ነበር። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። ስለ አገሩ ነጻነት የሚዋጋ ሰው ሽፍታ አይባልም ብለው መሰከሩ።

በችኮላ የተሰበሰበ የወታደር ችሎት ሕዝቡን ለዐመፅ አነሣሥተዋል ብሎ ሞት ፈረደባቸው። ፍርዱም በስውር ሳይሆን ሕዝብ እያየ በአዲስ አበባ ተፈጸመ። ሕዝቡ እንዲያይ የተደረገው እንዲፈራ ነው። ካራቢኔሪ የሚባሉት የኢጣልያ ወታደሮች ተሰልፈው በጥይት ገደሏቸው። ከጠላት ወገን የነበረ ቺሮ ፖጃሊ የሚባል የኢጣልያ ጋዜጠኛ ያየውን በማስታወሻው ጽፎ አቈይቷል። አቡነ ጴጥሮስ ለሞት ሲቀርቡ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዝተው ሞቱ እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ሞታቸውም በየዓመቱ ሐምሌ 22 ቀን ይታሰባል።

የዛሬ ልጆች ግዝት ምን እንደ ሆነ ላያውቁ ይችላሉና መምህሩ ያስረዳቸው። ግዝት ማለት ካህን በተሰጠው ሥልጣን አንድን ነገር የሚከለክልበት የጸና ቃል ነው። የተገዘተውን ነገር የሚያደርግ ሰው በነፍሱ ዕዳ ይቀበላል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ምእመን ከዳኛ ፍርድ ይልቅ ግዝትን ይፈራል። እንግዲህ ጳጳስ የአገርን መሬት ለወራሪ እንዳትገዛ ገዘተ ሲባል፥ ለአርሶ አደሩና ለእረኛው ትርጉሙ እጅግ ጥልቅ ነበር።

ጠላት ቃላቸውን ስለ ምን ፈለገ?

ተማሪዎች፥ ይህን ያህል መሣሪያ የነበረው መንግሥት የአንድ መነኩሴን ቃል ስለ ምን ፈለገው? ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። በጠመንጃ የተያዘ አገር ጠመንጃ ያዡ ባለበት ቦታ ብቻ የተያዘ ነው፤ ወታደሩ ፊቱን ሲያዞር ያምፃል። ሕዝቡ በልቡ የተገዛ እንደ ሆነ ግን ያለ ወታደር ይገዛል። የሕዝቡን ልብ የሚመራ ደግሞ በዚያ ዘመን ከሁሉ በፊት የሃይማኖት አባት ነበረ። ስለዚህ ጠላት የሃይማኖት አባቶችን በሹመትና በገንዘብ ለማባበል፥ እምቢ ያሉትንም ለማጥፋት ተነሣ። እስላሙንና ክርስቲያኑንም ለማለያየት ብዙ ደከመ፤ ሆኖም በአርበኝነቱ ዘመን ከሁሉም ወገን ለአገሩ የሞተ ሰው ነበረ።

ሁሉም አባቶች አንድ መንገድ እንዳልሄዱ ደግሞ ሳይሸሸግ መነገር አለበት። አቡነ ሚካኤል በምዕራብ ኢትዮጵያ በጎሬ፥ ለጠላት አልገዛም ብለው በ1929 ዓ.ም. እንደ ወንድማቸው ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ጠላት የሰጣቸውን የሊቀ ጳጳሳትነት ሹመት ተቀበሉ፤ ከእስክንድርያ መንበርም ተወገዙ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ዓመት፥ በአንድ ፓትርያርክ እጅ የተቀቡ ነበሩ። ትምህርታቸውም ማዕርጋቸውም አንድ ሲሆን በፈተና ጊዜ ምርጫቸው ተለያየ። ከዚህም የምንረዳው፥ ማዕርግ ሰውን በፈተና ቀን እንደማያቆመው፥ የሚያቆመውም አስቀድሞ በልቡ የወሰነው ነገር እንደ ሆነ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ የወደቀውን ለመስደብ እንዳይቸኩሉ፥ ይልቁንም እያንዳንዱ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ መምህሩ ይምራቸው።

ከሞታቸው በኋላ የሆነው

ጠላት አቡነ ጴጥሮስን በመግደሉ አገሩ ጸጥ የሚል መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ጸጥ አላለም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው ከገቡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራትስያኒ ላይ ቦምብ በጣሉ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የወረደው እልቂት በሰፊው የታወቀ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 አድርሶታል። በግንቦትም ወር አቡነ ጴጥሮስ የተማሩበት የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትና ለበዓል የመጡ ምእመናን በጅምላ ተገደሉ። እንግዲህ ገዳሙ አስቀድሞ ልጁን፥ በኋላም ራሱን ገበረ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ግፍ አርበኞችን አበዛ እንጂ አላጠፋም። አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት ሙሉ በሸዋ ሳይገቡ ተዋጉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። በ1921 ዓ.ም. የተጀመረውም የጵጵስና ነገር ወደ ፍጻሜው ሄደ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት፥ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ።

ለአቡነ ጴጥሮስ መታሰቢያ በአዲስ አበባ ሐውልት ቆመ። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» በሚል ስም፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚል ስም ስለ እርሳቸው ቴአትር ጽፈዋል። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ሐውልቱ ከቦታው በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው አዝኖ «ይመለሳልን?» ሲል ተጨነቀ፤ ሥራው ሲያልቅ ግን በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ያ ጭንቀት ራሱ ሕዝቡ እንዳልረሳቸው ምስክር ነው።

ከሩቅ አገር የሚመሳሰል ታሪክ

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሩቅ ምሥራቅ በባሕር መካከል ፊሊፒን የሚባሉ ብዙ ደሴቶች አሉ፤ እስፓንያም ከ300 ዓመት በላይ ገዝታቸዋለች። ከዚያ አገር ሆሴ ሪሳል የሚባል የዐይን ሐኪምና ደራሲ ተነሣ። እርሱም ጦር አልመራም፤ የወገኖቹን መበደል የሚገልጡ ሁለት ልብ ወለድ መጻሕፍት ጻፈ እንጂ። ገዢዎቹ ዳፒታን ወደምትባል ስፍራ አጋዙት፤ በግዞትም ሳለ ተማሪ ቤት አቁሞ የመንደሩን ልጆች አስተማረ። በመጨረሻም ሕዝቡን ለዐመፅ አነሣሥተሃል ተብሎ በታኅሣሥ 1889 ዓ.ም. በማኒላ ከተማ በአደባባይ በጥይት ተገደለ። ይህም የዓድዋ ድል ከሆነ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው። ገዢዎቹ በሞቱ ነገሩ ያበቃል ብለው ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይፈጸም የእስፓንያ አገዛዝ በዚያ አገር አከተመ፤ ምንም እንኳ ሌላ የውጭ መንግሥት ቢተካበት። ዛሬ የፊሊፒን ልጆች የእርሱን ሕይወት በየትምህርት ቤታቸው ይማራሉ።

አንዱ ሐኪምና ደራሲ፥ ሁለተኛው መነኩሴና ጳጳስ ናቸው፤ ቋንቋቸውም አገራቸውም የተራራቀ ነው። የተከሰሱበት ነገር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ቃላቸው ሕዝቡን ያነቃል የሚል ነው። ሁለቱም መምህራን ነበሩ። ይህ ለመምህራን ሁሉ ታላቅ ክብር ነው፥ ታላቅም ዕዳ ነው።

ይህን ታሪክ ለሚያስተምሩ

መምህሩ ይህን ታሪክ ሲያስተምር ሦስት ነገር ቢጠብቅ መልካም ነው። መጀመሪያ፥ ዓመተ ምሕረቱንና ቦታውን ያስጨብጥ፤ ፍቼን፥ ደብረ ሊባኖስን፥ ማይጨውንና አዲስ አበባን በካርታ ላይ ያሳይ፤ ካርታ ባይኖረውም በመሬት ላይ ሥሎ ያሳይ። ሁለተኛ፥ ያልሆነውን አይጨምር፤ እውነተኛው ታሪክ ጌጥ አያስፈልገውም፥ ጌጥ የበዛበት ታሪክ ልጁ ባደገ ጊዜ እውነቱን ጭምር ያስጠረጥረዋል። ሦስተኛ፥ በሰፈሩ ያሉትን ሽማግሌዎች ወደ ተማሪ ቤት ይጥራ። የአምስቱን ዓመት መከራ በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ከአባቶቻቸው የሰሙ ግን በየመንደሩ አሉ። ልጆች የሰሙትን በደብተራቸው ይጻፉ፤ የተነገረውን ሰው ስም፥ የሆነበትን ቦታና ዘመን አብረው ያስፍሩ።

ሽማግሌዎችም «ልጆቹ አይሰሙንም» ብለው ቃላቸውን ይዘው እንዳይቀመጡ ይለመናሉ። አቡነ ጴጥሮስ ለመናገር የተሰጣቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር፤ ቢሆንም የተናገሩት ቃል ከእርሳቸው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ደረሰ። የደረሰውም የሰማው ሰው ለልጁ ስለ ነገረ ነው። ነገሩን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰው ባይኖር ኖሮ ሐውልቱ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።